አድማውን ተዉት፣ ዋዜማውን አሠሯቸው፦ የሠራተኛ ታሪክን በቲያትር ለማስተማር

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ።

የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የዛሬ ጥቂት ዓመት የ1966ቱን የሠራተኞች አድማ በድራማ አሠራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ተማሪዎቹ ፈነደቁ። አንዱ ሆዱ ላይ ትራስ አስሮ ባለፋብሪካ ሆነ። ሃያ የሚሆኑት ሠራተኛ ሆኑ። ቡጢያቸውን ጨብጠው «አድማ! አድማ!» እያሉ ክፍሉን ዞሩት። ዩኒት ሊደሩ ምን ጉድ መጣ ብሎ በሩን በረገደው። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ፣ ተደወለ።

በማግስቱ «ሠራተኞቹ ለምን አድማ መቱ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ተናደው ነዋ!» አለኝ አንዱ።

ከዚያ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ጥፋቱ ደግሞ የልጆቹ አልነበረም፤ የእኔ ነው። ያሠራኋቸው ጩኸቱን ብቻ ነበር። አድማው አደባባይ ሲወጣ ዋናው ነገር አልፏል። ዋናው ነገር ያለው ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ነው። ሱቅ ዱቤ ተቆልሎበት፣ ጎረቤቱን ይመን አይመን ግራ ገብቶት፣ «ነገ ልግባ ወይስ ልቅር?» እያለ ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ቤት ውስጥ። ከዚያ ወዲህ አድማ አላሠራም። የማሠራው ዋዜማውን ነው። አሠራሩ እነሆ።

ምን ያስፈልጋል?

ሦስት ክፍለ ጊዜ። አንዱ ለዝግጅት፣ አንዱ ለትርኢት፣ አንዱ ለውይይት። መድረክና መጋረጃ አያሻም። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ መሐሉን ባዶ ማድረግ ይበቃል። አንድ ጋቢ፣ አንድ አሮጌ ኮት፣ አንድ ሽፋኑ የተቀዳደደ ደብተር ፈልጉ። ስለ ደብተሩ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ አሳውቁ። «አድማ» የሚል ቃል ከክፍል ሲወጣ ደስ የማይለው ሰው አይጠፋም። የትኛውን ዘመንና የትኛውን ምዕራፍ እንደምታስተምሩ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡ። ያ በር ሁለተኛ አልተበረገደብኝም።

1. አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጥያቄ

«የኢትዮጵያ ሠራተኞች ትግል» ቲያትር አይሆንም። ሰፊ ነው። ቲያትር የሚሆነው ጥቂት ሰዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ማታ፣ አንድ ነገር መወሰን ሲኖርባቸው ነው። እኔ ሁለት ማታዎችን አፈራርቄ እጠቀማለሁ።

የመጀመሪያው ወንጂ ነው። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሠራተኛ ማኅበር እንዴት ተመዝግቦ ከአሠሪ ጋር እንደሚደራደር የሚደነግግ ሕግ አልነበረም። እንዲህ ያለው ድንጋጌ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ በዓመቱ አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለው። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው ምን አደረገ? በእድር ስም ተሰበሰበ። እድርን ማን ይከለክላል? ቀብር ነው፣ ድንኳን ነው፣ ንፍሮ ነው። ለተማሪ ደግሞ እድር ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጥሩምባው ሰፈሩ ሲነፋ ሰምቶ ነው ያደገው። ጥያቄው፦ «እድራችን ከቀብር አልፎ ስለ ሥራችን ይናገር ወይስ ይቅር?»

ሁለተኛው የካቲት 27 ቀን 1966 ማታ ነው። ረቡዕ ነበር። የዓለም ነዳጅ ተወድዶ ቤንዚን ሲጨምር ታክሲ ነጂዎች ታሪፍ እንዳይጨምሩ ተከለከሉ። የካቲት 11 መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራንም ሥራ አቆሙ፤ የእነሱ ጥያቄ ደመወዝና «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ትንሽ ቀነሰ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወረደ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ደግሞ ለየካቲት 28 ጠቅላላ አድማ ጠራ። ጥያቄው፦ «ለሌሎቹ ትንሽ ተለቀቀላቸው። እኛ ነገ ብንቆም ይሰሙናል ወይስ እንባረራለን?»

ለ9ኛና 10ኛ ክፍል ወንጂን ምረጡ። የ1966ቱ ለትልልቆቹ ይሻላል፤ ብዙ ቀደም ያለ ነገር ማወቅ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የማሳያችሁ በወንጂው ነው።

2. ሰነድና ሽማግሌ

ሁለት ዓይነት ምንጭ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ወረቀት ነው፤ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የአዋጁ ቅጂ፣ የዘመኑ ጋዜጣ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ብትሄዱ የድሮውን አዲስ ዘመን ታገኛላችሁ። ጋዜጣው የመንግሥት እንደነበር ለተማሪዎቹ ንገሯቸው። የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያልተጻፈውንም ይፈልጉ።

ሁለተኛው ሰው ነው። ስልሳ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ፋብሪካ፣ ባቡር፣ እርሻ ልማት ወይም ማተሚያ ቤት የሠራ አያት ያለው ልጅ አይጠፋም። ልጁን ላኩት። ግን «ትግሉ እንዴት ነበር?» ብሎ እንዳይጠይቅ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ንግግር ያስጀምራል፤ ንግግር ደግሞ ለቲያትር አይጠቅምም። ይህን ይጠይቅ፦

ሳይረኑ ስንት ሰዓት ይጮህ ነበር?
ምሳ የት ነበር የምትበሉት? ከማን ጋር?
ደመወዝ የወጣ ቀን መጀመሪያ የማንን ዕዳ ነበር የምትከፍሉት?
አለቃ ሲመጣ በምን ታውቁ ነበር?

አንዲት ተማሪዬ አራተኛውን ጥያቄ አያቷን ጠይቃ ስትመለስ በፉጨት ነበር የመጣችው። ሰውየው መልሱን በአፉ አልነገራትም፤ አፏጨላት። ያችን ፉጨት ትርኢቱ ውስጥ አስገባናት። አንድ ገጽ ከጻፍኩት ቃለ ተውኔት በላይ ሠራች።

ሽማግሌውን አስፈቅዱ። ስማቸውን መድረክ ላይ አታውጡ። ከተናገሩት ውስጥ «ይሄን ተይው» ያሉትን ተዉት።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የደመወዙን መጠን ከሰነድ ወይም ከሰው አፍ ካላገኛችሁት ቁጥር አትጥሩ። ተማሪ ቁጥር ከሰማ እስከ ዕድሜ ልኩ ይዞት ይኖራል። ቁጥር ሳትጠሩ ድህነትን ማሳየት ትችላላችሁ፤ ደብተሩ ለዚያ ነው።

3. ሰ፣ ቃ፣ ፈ

ቃለ ተውኔቱን ስትጽፉ በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ አንድ ፊደል አስቀምጡ። «ሰ» ሰነድ ነው። «ቃ» ከሰው ቃል የተገኘ ነው። «ፈ» የራሳችሁ ፈጠራ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሙሉት። ይህን አትዝለሉ! ታሪክንና ድራማን የሚለየው ይህ ብቻ ነው። «ፈ» መብዛቱ አያሳፍርም፤ የቲያትር ነገር ነው። የሚያሳፍረው «ፈ» የሆነውን «ሰ» አስመስሎ ማለፍ ነው።

4. ካርድ እንጂ ገጸ ባሕርይ አትስጡ

ለተማሪ «አንተ ደፋር ሠራተኛ ነህ» ብትሉት ደረቱን ነፍቶ ይጮሃል። በምትኩ የደብተር ወረቀት ሩብ ላይ ሦስት መስመር ጽፋችሁ ስጡት፤ የሚፈልገው፣ የሚፈራው፣ የሚደብቀው። የእድሩ ዳኛ ካርድ ለምሳሌ እንዲህ ነው፦

የሚፈልገው፦ ሰዉ እንዳይበተን።
የሚፈራው፦ የእድሩ ሳጥን እንዳይወረስ።
የሚደብቀው፦ ልጁን ኩባንያው ቢሮ ሊያስቀጥርለት ቃል የገባለት አለቃ አለ።

ሰባት ወይም ስምንት ካርድ ይበቃል። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ የማሽን ሠራተኛው፣ አገዳ ቆራጩ፣ ባለሱቋ፣ የፎርማኑ ዘመድ፣ ቡና የምታቀርበው ልጅ። ሌላው ተማሪ ሁሉ የእድር አባል ነው። ዙሪያውን ይቀመጣል፤ መጨረሻ ላይ ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። ስለዚህ ተመልካች የሚባል የለም። ስልሳ ልጅ ስላለኝ አልችልም ለሚል አስተማሪ ይሄው መልሱ፦ እድር ስልሳ ሰው ቢኖረው ምን ይገርማል?

አሁን አንድ ተንኮል ላስተምራችሁ። ካርዱን ስታድሉ «ከእናንተ አንዱ ለኩባንያው ወሬ አቀባይ ሊሆን ይችላል፤ ካርዳችሁን ለማንም እንዳታሳዩ» በሉ። የወሬ አቀባይ ካርድ ግን ለማንም አትስጡ። ቀሪውን ፍርሃት ራሱ ይሠራዋል። አንዱ ቀና ሲል ሌላው ዝም ይላል። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ሲጠራጠሩ ታያላችሁ። ሰው በዚያ ዘመን ለምን ዝም እንዳለ በሌክቸር ብነግራቸው ኖሮ ያንቀላፉ ነበር።

ስለ ዘዬ። ወንጂ አገዳ ለመቁረጥ ብዙ ሰው ከከምባታና ከሐድያ ይመጣ ነበር። ተማሪ ይህን ሲሰማ አነጋገር አስመስሎ ማሳቅ ያምረዋል። በፍጹም አትፍቀዱ። ክፍላችሁ ውስጥ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ሊኖር ይችላል። ሁሉም በራሱ አፍ ይናገር።

ልብስ ካነሰ አንገት ላይ ካርቶን ማንጠልጠል ይቻላል። በእኔ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ዴላኖ የወይን ለቃሚዎች አድማ ሲመቱ፣ ሉዊስ ቫልዴዝ የሚባል ወጣት ለቃሚዎቹን ራሳቸውን ተዋናይ አድርጎ በጭነት መኪና ላይ ያጫውታቸው ነበር። «አድማ ሰባሪ» የሚል ጽሑፍ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሲወጣ ማን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ካርቶንና ማርከር የትም አለ።

5. መጀመሪያ ክንድ ይድከም

ትርኢቱ ቀን ወዲያው ወደ ንግግር አትግቡ። ሁሉም ይቁም። እያንዳንዱ አንድ የሥራ እንቅስቃሴና አንድ ድምፅ ይምረጥ፤ መቁረጥ፣ መሸከም፣ መዘወር። በፉጨት ጀምሩ። በዝግታ ይሥሩ። ከዚያ አፍጥኑ። ከዚያ እንደገና አፍጥኑ። ሳቁ ሁለት ደቂቃ ላይ ይቆማል። አራት ደቂቃ ላይ አንዱ «ቲቸር፣ ክንዴ!» ይላል። አትመልሱለት። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ አቁሙና በዝምታ አስቀምጧቸው።

(የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበትን ልጅ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ እሱ ሰዓት ተቆጣጣሪ ይሁን።)

ስለ ረጅም የሥራ ሰዓት ስታወሩ አሁን ክንዳቸው ይሰማችኋል።

6. ትዕይንቱ

ይህ የእኛ ጽሑፍ ነው። ሁኔታው እውነት ነው፤ ሰዎቹና ንግግሩ «ፈ» ናቸው። እንዳለ ከመውሰድ የራሳችሁን ብትጽፉ ይሻላል፤ ግን መጠኑን እንድታዩት።

ማታ ነው። ኩራዝ በርቷል። የእድር መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

ዳኛው፦ መዝገቡ ክፍት ይሁን። ሰው ቢገባ ስም እየጠራን ነው።
አገዳ ቆራጩ፦ ጋሼ፣ እስከ መቼ ስም ስንጠራ ልንኖር ነው?
ዳኛው፦ ቀስ በል ልጄ። ድምፅህ መንገድ ይሻገራል።
የማሽን ሠራተኛው፦ ባለፈው ሳምንት ጣቱን ማሽን የበላው ልጅ ትናንት ተሰናበተ።
ጸሐፊው፦ ከሳጥኑ እንርዳው።
የማሽን ሠራተኛው፦ እድር የሚረዳው ለሞተ ነው። ይሄ አልሞተም። መዝገቡ ላይ ምን ብለህ ልትጽፈው ነው?

(ዝም ይባላል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።)

ባለሱቋ፦ እኔ የምጠይቃችሁ አንድ ነው። ነገ ሥራ ቆማችሁ ብትባረሩ፣ ይህን ማን ይከፍለኛል?

(የዱቤ ደብተሯን አውጥታ መዝገቡ ላይ ትጥለዋለች።)

አገዳ ቆራጩ፦ እትዬ፣ የእኔንም እዚያ ውስጥ ጽፈሻል እንዴ?
ባለሱቋ፦ የማንን ያልጻፍኩት አለ?

እዚህ ላይ አጨብጭቡና አስቁሙ።

ደብተሩን አያችሁት? የተቀዳደደው ደብተር ይሄ ነው። ውስጡ እውነተኛ ጽሑፍ ይኑርበት፤ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ በርበሬ፣ ከፊት ለፊቱ ስም። ሠራተኞቹን የሚጫወቱት ልጆች ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት አይዩት። መድረኩ ላይ ሲገልጡት የራሳቸውን የገጸ ባሕርይ ስም ያገኙታል። ሁሌም አንዱ ልጅ እጁ ደብተሩ ላይ እንዳለ ይቀራል።

«እድር የሚረዳው ለሞተ ነው» የሚለውን መስመር ደግሞ አታጥፉ። ማኅበር ከእድር በምን እንደሚለይ የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ ያስቀምጠዋል። እዚህ በአንድ ሰው ጣት ገባቸው።

7. ማስቆምና መተካት

ይህን ዘዴ ያስፋፋው ብራዚላዊው የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ነው። ፎረም ቲያትር ይባላል። በኤችአይቪ ጊዜ በየቀበሌው ያየው ብዙ ሰው አለ። ትርኢቱ ከባድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከተቀመጡት አንዱ «እኔ ብሆን» ብሎ ይነሣል፤ ጋቢውን ወይም ኮቱን ተቀብሎ ቦታ ይተካል፤ ሌሎቹ በካርዳቸው መሠረት ይመልሱለታል።

ሦስት ሕግ አለኝ።

አንደኛ፣ የሚተካው ሰው ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን አያውቅም። «አይዟችሁ፣ ሕግ ይወጣል» ማለት አይቻልም። ማን ነገረህ?

ሁለተኛ፣ ተአምር የለም። «ሥራ አስኪያጁ ልቡ ራርቶ ደመወዝ ጨመረ» የሚል ልጅ ሁሌ ይኖራል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ተአምር!» ብሎ ይመልሰው። በጣም ይወዱታል።

ሦስተኛ፣ ባለሱቋን መሳደብ አይቻልም። ይቺን ያመጣኋት ከአንድ ብልሹ ትርኢት በኋላ ነው፤ ሴትዮዋን የሠራተኛ ጠላት አድርገው አዋከቧት። ጠላት አይደለችም። እሷም የምታበላው አላት። መልስ ይስጧት። በዱቤ የሚኖር ሰው ሥራ ሲያቆም ቤቱ ምን ይበላል? ስንት ቀን ይችላል? ሁሉም አባል በወር ትንሽ ቢያዋጣስ? እዚህ ላይ አንዱ ተማሪ ራሱ አስቦ የአድማ ጊዜ መጠባበቂያ የሚሆን መዋጮ ሲፈጥር ካያችሁ፣ ሻይ ጠጡ፤ ክፍለ ጊዜው ተሳክቷል።

አራት ወይም አምስት ልጅ ከተተካ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ይሰለቻል።

8. ድምፅ በእግር

እጅ አታስወጡ። ልጆች ዞር ዞር ብለው ጓደኛቸውን አይተው ነው እጅ የሚያወጡት። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩ። «እድራችን ስለ ሥራችን ይናገር» የሚል በስተቀኝ፣ «ይቅርብን» የሚል በስተግራ። መሐል መቆም አይቻልም። ከተሻገሩ በኋላ ከየወገኑ ሦስት ሰው ምክንያቱን ይናገር። ምክንያት ሰምቶ የሚሻገር ካለ ይፍቀዱለት።

ከዚያ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ፣ የሆነውን ንገሯቸው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። የወንጂ ሠራተኞች ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በ1966 ያን ጠቅላላ አድማ የጠራው ይኸው ማኅበር ነው። አድማው አራት ቀን ቆይቶ፣ መንግሥት ስለ ጥያቄዎቹ ቃል ገብቶ፣ መጋቢት 2 ቆመ። ከዚያ ደርግ መጣ። ማኅበሩ ፈረሰ፤ በ1969 በሌላ ተተካ። ታሪኩን እዚህ ላይ ማሳመር አያስፈልግም። «ታዲያ ምን ጠቀማቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፉለትና ለውይይቱ አቆዩት።

9. ውይይት፣ ማርክና ቡና የቀዳችው ልጅ

በማግስቱ የሚመጣው ክፍለ ጊዜ ከትርኢቱ ይበልጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማስኬደው፦ መጀመሪያ ምን ተሰማችሁ? ቀጥሎ ከሰማችሁት ውስጥ የቱ ነው ፈጠራ? ሰ፣ ቃ፣ ፈ የተባለበትን ወረቀት አውጡና መስመር በመስመር ይገምቱ። ሁሌም ይሳሳታሉ። ደህና የተጻፈ ፈጠራ እውነት ይመስላል፤ አሰልቺው አዋጅ ፈጠራ ይመስላል።

ለትወና ማርክ አትስጡ። ዓይናፋሩ ልጅ ይጎዳል፤ ቀልደኛው ያለ ሥራ ያገኛል። ማርኩ «እዚያ ጎን የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው» ለሚል አንድ አንቀጽ ይሁን። ቢያንስ አንድ «ሰ» ወይም «ቃ» ጠቅሶ።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ቡናዋ ልጅ ነው። ትርኢቱን ሙሉ ስኒ ስታቀርብ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ድምፅ ሲሰጥ የት ነበረች? ኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የቤት ሠራተኛን አይጨምርም ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛንም። ይህን አስቀድሜ አልናገርም። አንድ ዓመት ማንም ሳያያት አለፈች። በሌላው ዓመት ረከቦቷን ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ራሷ መስመሩ ሲሰመር ተነሥታ «እኔስ በየት በኩል ነኝ?» አለች። ካርዷ ላይ አልጻፍኩላትም።

ትልቅ መድረክ ሲያምራችሁ

ትርኢቱ ከተሳካ ርዕሰ መምህሩ «ለወላጆች ቀን ይቅረብ» ማለቱ አይቀርም። ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1913 በኒው ጀርሲ ፓተርሰን የሐር ፋብሪካ ሠራተኞች ረጅም አድማ ላይ ሳሉ፣ ከአንድ ሺህ በላይ የሚሆኑት ኒው ዮርክ ሄደው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ የራሳቸውን አድማ ተጫወቱት። ባለፋብሪካዎቹ የቀጠሯቸው የግል መርማሪዎች ሲተኩሱ፣ የተገደለው ሰው ሲቀበር፣ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ቀይ አበባ ሲጣል። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ አለቀሰ። ገንዘቡ ግን ከሰረ። ማን ኒው ዮርክ ሄደ፣ ማን ቀረ በሚል ቅሬታ ተነሣ። በልምምዱ ምክንያትም አድማ ሰባሪ እንዳይገባ ሠራተኞቹ ፋብሪካው በር ላይ የሚያደርጉት ጥበቃ ሳሳ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ አድማው ተሸነፈ።

የክፍል ቲያትርም አዳራሽ ሲገባ እንዲሁ ይሆናል። ማስቆሙ ይቀራል፣ መተካቱ ይቀራል፣ ትራስ የታሰረበት ሆድ ይመለሳል። ግድ ከሆነ ወላጆቹን የእድር አባል አድርጓቸው፤ መስመሩን እነሱም ይሻገሩ።

ሌላ ጊዜ፦ ፍርድ ቤት

ክርክር የሚወድ ክፍል ካላችሁ የኒው ዮርኩን የትሪያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጉዳይ ሞክሩ። እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ እሳት ተነሣ። 146 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ከአይሁድና ከጣሊያን ቤተሰብ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የእሳት አደጋ መሰላል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቀረ፤ ሠራተኞቹ ግን ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አንደኛው በር ተቆልፎ ነበር ተባለ። ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሐሪስ ተከሰሱ።

እሳቱንና ከመስኮት የዘለሉትን አታጫውቱ። ልጅ ላይ የሚጫን ነገር አይደለም፤ ደግሞም ቲያትሩ ያለው ችሎቱ ላይ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ባለቤቶቹ በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ያውቁ ነበር? ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ምስክሮች፣ አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች) መድቡ።

የማይቀረው ምስክርነት የኬት አልተርማን ነው። ከእሳቱ የተረፈች ሠራተኛ ናት። ያየችውን ተናገረች። የተከሳሾቹ ጠበቃ ማክስ ስቱዌር አልጮኸባትም። በለሆሳስ «እስኪ ድገሚው» አላት። ደገመችው። እንደገና አስደገማት። ቃላቱ ተመሳሳይ ሆነው ሲወጡ፣ ልጅቷ ያየችውን ሳይሆን የሸመደደችውን ነው የምትናገረው ብሎ ተከራከረ።

ይህን በክፍል ስታሠሩ ምስክሯን ከምትጫወተው ልጅ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ስጧት። ጠበቃው ሦስት ጊዜ ያስደግማት። ክፍሉ ምን እንደሚሆን እዩ። በመጀመሪያው ያዝናሉ። በሁለተኛው ይቁነጠነጣሉ። በሦስተኛው አንዱ «ሸምድዳዋለች» ብሎ ያንሾካሹካል። በዚያን ጊዜ አስቁሙና ጠይቁ፦ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ደጋግሞ ሲያወራው ቃሉ ይለዋወጣል ወይስ አንድ ዓይነት ይሆናል?

ጁሪው ወጥቶ ይምከር። ከመወሰኑ በፊት እያንዳንዱ «ሐሳቤን የቀየረው ምስክርነት» ብሎ አንድ መስመር በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቶቹን ሰብስቡ። የእኔ ተማሪዎች አንድ ጊዜ ፈርደዋል፣ አንድ ጊዜ ነፃ ለቀዋል። የኒው ዮርኩ ጁሪ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሁለቱንም ነፃ ለቀቃቸው። ይህን የምነግራቸው ወረቀቶቹ ኪሴ ከገቡ በኋላ ነው፤ አለዚያ የጻፉትን ይሰርዛሉ።